ከመርከቡ በፊት አስተማሪው

በሰሜን ካሮላይና ከሞርሄድ ሲቲ ወደብ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ በጀልባ የሄደ ሰው፣ ዩ-352 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ካረፈበት ቦታ ይደርሳል። መርከቡ በ35 ሜትር ጥልቀት አሸዋ ላይ በጎኑ አጋድሎ ተኝቷል። ያሰጠመችው እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1942 ኢካሩስ የተባለች የአሜሪካ የጠረፍ ጠባቂ መርከብ ናት። ጠላቂዎች ያገኙት ግን በ1975 ነው። በዚያው ባሕር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተመቱ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች አሉ። ስፓር የተባለችው 55 ሜትር የምትረዝም አሮጌ የጠረፍ ጠባቂ መርከብም እዚያው ናት፤ እሷ በ2004 ለዓሣ መጠለያ እንድትሆን ሆን ተብሎ እንድትሰጥም የተደረገች ናት። የአገሩ ሰዎች ይህን ባሕር የአትላንቲክ መቃብር ይሉታል።

እኛ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች እዚያ ለመድረስ ስድስት ሰዓት ያህል እንነዳለን። እኔ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በፋርማሲ ነው የምሠራው፤ የዕረፍት ቀኖቼን ግን የማሳልፈው በሰጠሙ መርከቦች ዙሪያ ነው። የአገሬ ሰዎች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሻርክ ነው። እውነት ነው፣ የካሮላይና መርከቦች ላይ ጥርሳቸው ወደ ውጭ የወጣ ትልልቅ ሻርኮች አሉ። ቀስ ብለው ያልፋሉ እንጂ ካልነኳቸው ሰው አይነኩም። ሰው የሚገድለው ሌላ ነው፤ በራስህና በሰማዩ መካከል ጣሪያ መኖሩ ነው።

በክፍት ውኃ ውስጥ ችግር የገጠመው ጠላቂ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። መርከብ ውስጥ ያለ ጠላቂ ግን መጀመሪያ ወደ ጎን፣ በገባበት በኩል መውጣት አለበት፤ ወደ ላይ የሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያጋደለ መርከብ ደግሞ አቅጣጫ ያሳጣል። ወለሉ ግድግዳ፣ በሩ ከእግር ሥር ያለ ጉድጓድ ይሆናል። ከጣሪያው የኤሌክትሪክ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ የዓሣ አጥማጆች መረብ ተጠላልፏል። ደለሉ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው፣ አንዴ ከተነሳ በብዙ ደቂቃም አይረጋም። ምንም ሳትነካ እንኳ የምትተነፍሰው አየር አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ የጣሪያውን ዝገት ያራግፋል። ስትገባ ጥርት ብሎ የታየህ ክፍል ስትመለስ ጨለማ ሆኖ ይጠብቅሃል። በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከውኃው ገጽ በአራት እጥፍ ይበልጣልና፣ በሲሊንደርህ ያለው አየርም በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። የደነገጠ ሰው ሲሆን ከዚያም ይፈጥናል።

ስፒገል ግሮቭን ላንሳ። 155 ሜትር የሚረዝም የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበር። በ2002 ፍሎሪዳ፣ ኪ ላርጎ አጠገብ ለጠላቂዎችና ለዓሣ ተብሎ እንዲሰጥም ተደረገ። ከመስጠሙ በፊት ጸድቷል፤ አደገኛ የሆነው ተነቅሏል፤ መውጫ እንዲሆኑ ቀዳዳዎች ተከፍተዋል። ብዙ ሰው እንዲህ የተዘጋጀ መርከብ ጉዳት የለውም ብሎ ያስባል። በማርች 2007 ከኒው ጀርሲ የመጡ ሦስት ጠላቂዎች ግን ወደ ውስጥ ጠልቀው ገብተው እዚያው ሞቱ። ጀማሪዎች አልነበሩም። ወደ መውጫው የሚመልሳቸው ሲባጎ አልዘረጉም ነበር።

ይህ ሲባጎ ከዋሻ ጠላቂዎች የተወረሰ ነው። ሼክ ኤክስሊ የተባለው የፍሎሪዳ ዋሻ ጠላቂ በ1979 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ ሰዎች ዋሻ ውስጥ እንዴት እንደሞቱ አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። የሟቾቹ ጥፋት ከቦታ ቦታ ይመሳሰል ነበር፦ እስከ መውጫው የሚደርስ ሲባጎ አልነበራቸውም፤ ለመመለሻ በቂ አየር አላስቀሩም፤ ከሚገባው በላይ ጠልቀዋል። ሥልጠና ማጣትና የባትሪ ማነስ ቆይተው ተጨመሩበት። ዛሬ መርከብ ውስጥ መግባት የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚያስተምረው ከዚህ የወጣ ነው። አየርህን ሦስት ቦታ ትከፍለዋለህ፤ አንዱ እጅ ለመግባት፣ አንዱ ለመውጣት፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን። ሲሊንደርህ 3000 ፒ.ኤስ.አይ የአየር ግፊት ይዞ ከገባ፣ መለኪያው 2000 ሲል ፊትህን ታዞራለህ፤ ከፊትህ ምንም ይኑር ምን። ያ ሦስተኛ እጅ ደግሞ የአንተ ብቻ አይደለም፤ አየሩ ያለቀበት ባልንጀራህም የሚተነፍሰው ከእሱ ነው። ባትሪ ሦስት ይያዛል፤ አንዱ ቢጠፋ ሁለት፣ ሁለተኛው ቢጠፋ አንድ እንዲቀር። መረብና ሽቦ የሚቆርጥ መቀስ ወይም ቢላ በሁለቱም እጅ የሚደረስበት ቦታ ይታሰራል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማን ያስተምረናል? ድርጅቶቹ ብዙ ናቸው። በሰፊው የሚታወቀው፣ ፓዲ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው የሰጠሙ መርከቦች ኮርስ ቢያንስ በሁለት ቀን የሚሰጥ አራት ጠለቃ አለው። መርከቡን ከውጭ መቃኘት፣ ንድፉን በሰሌዳ ላይ መሳል፣ ሲባጎ መዘርጋት፣ በመጨረሻም ጥቂት ወደ ውስጥ መግባት ይማሩበታል። ገደቡ ጥብቅ ነው። ከመግቢያው የሚመጣው የቀን ብርሃን ከማይታይበት አይታለፍም፤ ከውኃው ገጽ እስከ መግቢያው ያለው ጥልቀትና ወደ ውስጥ የተገባው ርቀት ተደምሮም ከ40 ሜትር መብለጥ የለበትም። መግቢያው 30 ሜትር ላይ ከሆነ የተፈቀደልህ አሥር ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህ ያለፈ የሚፈልግ ሰው ቲ.ዲ.አይን የመሳሰሉ ድርጅቶች ወደሚሰጡት የላቀ ኮርስ ይሄዳል። እዚያ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ሬጉሌተር (አየር የሚተነፈስበት መሣሪያ) እና ብዙ የጨለማ ልምምድ አለ።

እኔ ስለ ድርጅቶቹ ብዙም አልከራከርም። በአንድ ድርጅት ስም፣ በአንድ መጽሐፍ፣ አንዱ አስተማሪ ሰው ያደርግሃል፣ ሌላው ካርድ ያስይዝሃል። መጀመሪያ የሄድኩበት የጠለቃ ሱቅ ባለቤት ኮርሱ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። መርከቡ ውስጥ እንገባ እንደሆነ ጠየቅኩት። «መግባት የግድ አይደለም፣ ካርዱን ግን ትወስጃለሽ» አለኝ። ሲባጎውንስ? «ቪዲዮው ላይ አለ» አለ። ካርዱን የያዘ ሰው ግን በሚቀጥለው ወር ጀልባ ላይ ወጥቶ፣ ካፒቴኑም ካርዱን አይቶ አምኖት፣ ወደ ጨለማው ሊገባ ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል። አመስግኜው ወጣሁ።

ትክክለኛውን ሰው ያገኘሁት ወደቡ ላይ ጠይቄ ነው። የጠለቃ ጀልባ ካፒቴኖችና ረዳቶቻቸው ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገር አለ፤ የማን ተማሪዎች ተረጋግተው እንደሚወጡና የማን ተማሪዎች ዓይናቸው ፈጦ እንደሚወጡ። ወደ ላይ ሲመለሱ በመልሕቁ ገመድ ላይ ሲቆዩ ያዩአቸዋል፤ መሰላሉን ሲወጡ መለኪያቸው ላይ የቀረውን አየር ያነባሉ። ስለዚህ «ለራስህ ልጅ የምትመርጠው አስተማሪ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁለት ረዳቶች፣ በተለያየ ጀልባ የሚሠሩ፣ አንድ ሰው ጠቆሙኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከሙያ ትምህርት ቤት መምህርነት ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው።

ስልክ ስደውልላቸው ጥያቄ ይዤ ነበር፤ ቀድመው የጠየቁኝ ግን እሳቸው ናቸው። ለምን መግባት እንደፈለግኩ፣ ባለፈው ዓመት ምን ያህል ጊዜ እንደጠለቅኩ፣ ብዥ ባለ ውኃ ውስጥ ምን እንደሚሰማኝ፣ ጀልባ ላይ ከወጣሁ በኋላ «ዛሬ አልገባም» ብዬ አውቅ እንደሆነ። ስለ ክፍያ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ቀን አብረን ጠልቀን ሊያዩኝ ፈለጉ። ኮርስ ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው እንዲህ አያደርግም።

የእኔ ጥያቄዎችም እነዚህ ነበሩ። ሌላው ሰው ቢጠይቃቸው ደስ ይለኛልና ልጻፋቸው። ያለ ተማሪ፣ ለራስዎ ብለው መርከብ ላይ የጠለቁት መቼ ነው? በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይዘው ይገባሉ? ከሦስት በላይ የሚል ከሆነ አልሄድም፤ በደለል ውስጥ የሰው እጅ ሁለት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ተማሪ ያላሳለፉት መቼ ነው፣ ከዚያስ ያ ተማሪ ምን ሆነ? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሁሉንም የሚያሳልፍ አስተማሪ ወይ የሚያስተምረው ቀላል ነው፣ ወይ አይቶ ያልፋል። እሳቸው ሳያመነቱ መለሱልኝ፤ አንዱን ተማሪ ሙሉ ክረምት ገንዳ ውስጥ አሠርተውት በበጋው እንደተመለሰ ነገሩኝ። በመጨረሻም ሌላ ቡድን ሲያስተምሩ መጥቼ ማየት እችል እንደሆነ ጠየቅኩ። «ነይ» አሉ። በነገራችን ላይ የአስተማሪው ፈቃድ ያልታገደ፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ከራሱ ከድርጅቱ በስም ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል። ይህን ስትጠይቅ ቅር የሚለው አስተማሪ ካለ ሌላ ፈልግ።

ሥልጠናው የተጀመረው በደረቅ መሬት፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሣር ላይ ነው። ማጠንጠኛ ሰጡኝ፤ ነጭ ሲባጎ የተጠቀለለበት። የመጀመሪያው ቋጠሮ ከመግቢያው ውጭ፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ይታሰራል። ሁለተኛው ከመግቢያው ጥቂት ገባ ብሎ፤ አንዱ ቢፈታ ሌላው እንዲይዝ። ከዚያ ከዛፍ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪናው ጎማ እየጠመዘዝኩ ሄድኩ። ሲባጎው በተሳለ ብረት ላይ እንዳያልፍ፣ እንዳይላላ፣ እጅ በማይገባበት ስንጥቅ ውስጥ እንዳይሰምጥ እየተቆጡ አስተካከሉኝ። ሲያልቅ ዓይኔን በጨርቅ ሸፈኑና «አሁን ተመለሺ» አሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀለበት ሆነው ሲባጎውን ይከብባሉ፤ አይጎትቱትም። ሌላው እጅ ከፊት ለፊት ይዳስሳል። መሐል መንገድ ላይ ስደርስ ሲባጎው እጄ ውስጥ ላላ። ዝም ብለው ቆርጠውታል።

«መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ ከጀርባዬ። መልሱ መፈለግ አይደለም። መጀመሪያ ባለህበት መቆም ነው፤ ከዚያ መተንፈስ፤ ከዚያ በኪስህ ያለውን ትንሹን ማጠንጠኛ አውጥተህ አጠገብህ ካለ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ማሰር። ከዚያች ቋጠሮ ተነስተህ ትፈልጋለህ፤ ብታጣው ወደ እሷ ትመለሳለህ፤ በሌላ አቅጣጫ እንደገና ትሞክራለህ። በሣሩ ላይ በተንበረከክኩበት፣ ጎረቤት በአጥሩ በኩል እያየን፣ ይህን እየደጋገምን ዋልን። የሲባጎውን ጫፍ ሳገኝ ደስታዬ የእውነት ነበር።

ቀጥሎ ሚልብሩክ ሄድን። ሄይማርኬት አጠገብ ያለ፣ ውኃ የሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ነው፤ የሰሜን ቨርጂኒያ ጠላቂዎች የሚለማመዱበት። ከላይ ሞቅ ያለው ውኃ ጥቂት ወረድ ሲሉ በአንዴ ይበርዳል፤ ከታች ደለል ነው። እዚያ አስተማሪዬን ከኋላ ሆኜ አየኋቸው። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብለው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ መቅዘፊያውን ወደ ጎንና ወደ ኋላ እየገፉ ሲሄዱ አንድ የደለል ቅንጣት አልተነሳም። ከኋላቸው የነበረው ውኃ እንደ ነበረ ነው። አስተማሪን ለመመዘን ሌላ ፈተና ባይኖር ይህ ይበቃኛል። ቁልቁል የሚረግጥ፣ በእጁ የሚቀዝፍ አስተማሪ ደለል ሳያነሱ መሄድን ሊያስተምር አይችልም። ማስካችን በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከባልንጀራችን ሬጉሌተር እየተነፈስን፣ ሲባጎውን ይዘን መውጣትን የተማርነው በዚህ ውኃ ነው። የድንጋይ ካባው አያምርም፣ ይበርዳል፣ ዓሣውም ጥቂት ነው። ሆኖም ባሕር ከመግባቱ በፊት እንዲህ ያለ ቦታ የማያሠራ አስተማሪ አይመቸኝም።

ባሕሩ ላይ ስፓርን መረጡ። 33 ሜትር ላይ ናት፤ ሻርኮቹም በዙሪያዋ ነበሩ። የመልሕቁን ገመድ ይዘን ወረድን፣ ሲባጎው ውጭ ታሰረ፣ ወደ ውስጥ ጥቂት እንደሄድን አብሮን የሚማር ወጣት አውራ ጣቱን ወደ ላይ አደረገ። ውኃ ውስጥ ይህ ምልክት «ጥሩ ነው» ማለት አይደለም፤ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። አስተማሪያችን ለምን ብለው አልጠየቁም። ሁላችንም ፊታችንን አዙረን፣ ሲባጎውን እየጠቀለልን ወጣን። ብዙ ሰዓት ነድተን፣ ገንዘብ ከፍለን፣ ገና መለኪያችን ላይ ብዙ አየር እያለ። ጀልባው ላይ ልጁ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር አቋርጠው እጁን ጨበጡት። «የዛሬን ኮርስ ያለፍከው አሁን ነው» አሉት። ማንኛውም ጠላቂ፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያቱን ሳይናገር ጠለቃውን ማቆም ይችላል የሚለውን ደንብ በመጽሐፍ ሁሉም ያነበዋል። ተግባራዊ ሲሆን ያየሁት ግን እሳቸው ዘንድ ነው። ይህን የማያከብር ሰው፣ ስሙ ምንም ያህል ቢገን፣ አስተማሪ አልለውም።

ሌላም መመዘኛ አለኝ። ዩ-352 ውስጥ የሞቱት መርከበኞች እዚያው ናቸው፤ መቃብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግም የሰጠሙ የጦር መርከቦችን ያለ ፈቃድ ማናጋትና ዕቃ ማውጣትን ይከለክላል። ከእንዲህ ያለ መርከብ ያወጣውን ዕቃ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ የሚኮራ አስተማሪ ሙታንን ያላከበረ ነው፤ የእኔን ሕይወትም እንዴት እንደሚያከብር አላውቅም።

የሰጠመ መርከብ ውስጥ መግባት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ መስሎ የሚታያቸው አሉ። አጎቴ በወጣትነታቸው ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ በወደቡ ሥር ስለተኙት የጣሊያን መርከቦች የሰማሁት በልጅነቴ ከእሳቸው ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ምጽዋን ሊለቁ ሲሉ ወደቡን ለመዝጋት መርከቦቻቸውን ራሳቸው አሰጠሙ። በዓመቱ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን መጣ፤ ከጥቂት ጠላቂዎች ጋር በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጨለማ ውኃ፣ በእጅ እየዳሰሱ ሠርተው ትልቁን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ አነሱት። የእኔ ታሪክ የጀመረው አጎቴ ካገለገሉበት ከዚያ ባሕር ነው ማለት እችላለሁ።

ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው ካደግን በኋላ ነው፤ ይህ እንቅፋት አይሆንም። እንዲያውም ዘግይቶ የተማረ ሰው ውኃን አይንቅም። ነገር ግን ደረጃውን መዝለል የለም። መጀመሪያ የመሠረታዊው ካርድ፣ ቀጥሎ የላቀው፣ ከዚያ በልዩ ልዩ ውኃ ብዙ ተራ ጠለቃ፤ እጅና እግር ሳይታዘዙ ራሳቸው እስኪሠሩ። መርከብ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለጠላቂዎች ሕክምና የሚያማክረው ዳን የተባለው ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚያው ሰሜን ካሮላይና፣ ደራም ከተማ ነው። የእሱን መድን ሳልገዛ ጀልባ ላይ አልወጣም። ርካሽ ኮርስ ደግሞ አትፈልጉ፤ ርካሽ የሚሆነው ቀን ተቀንሶለት ነው፣ የሚቀነሰውም ያ የሣርና የድንጋይ ካባ ቀን ነው።

የካሮላይና ጀልባዎች ዋና ወቅት ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው። ለሚመጣው በጋ መርከብ ለማየት ያሰባችሁ፣ አስተማሪ መፈለግ ያለባችሁ በጃንዋሪ ነው፤ ያኔ ጊዜ አላቸው፣ ያወራሉ፣ ገንዳ ያስገቧችኋል። ደውሉ፣ ሲያስተምሩ ሂዱና እዩ፣ ማንን እንዳላሳለፉ ጠይቁ። ገንዘባችሁን የምታወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።